ቡና የምሸጥባት ኮምቢ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ትነዝራለች፤ ከየት ልጀምር?

የኮምቢዋ ልጅ (አራት ኪሎ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ስኒያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ቮልስዋገን ኮምቢ አለችኝ። በ1986 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ አልጋና ምድጃ የነበራት የካምፕ መኪና ናት። አጎቴ ከጀርመን ሲመለስ ይዟት መጥቶ ለዓመታት ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማ ኖረች። አልጋውን አስወጥቼ ባለ ሁለት እጅ የማኪያቶ ማሽን፣ መፍጫና አንዲት ትንሽ ፍሪጅ አስገባሁባት። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ስትወርዱ አንድ የድሮ ግቢ አለ። የግቢው ባለቤት እትዬ በሩ ጎን እንድቆም ፈቅደውልኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እከፍታለሁ፣ ተማሪውና የቢሮ ሠራተኛው እስከ አራት ሰዓት ይጋፋኛል።

ኮምቢዋ ጎኗ ላይ ክዳን ያላት ሰማያዊ መሰኪያ አለቻት፤ ሦስት ወፋፍራም እግሮች ውስጧ ተደብቀዋል። አጎቴ «ካምፕ ስንወጣ ከዚህ ነው መብራት የምንስበው» ይለኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ለዚያች መሰኪያ የሚሆን ሴቴ ፈልጎ አገኘና ከ25 ሜትር ጥቅል ገመድ ጋር አያያዘው። በሌላው ጫፍ ተራ ባለ ሁለት እግር ስፒና ገጥሞ በእትዬ ሳሎን መስኮት አስገብቶ ሶኬቱ ላይ ሰካልኝ። አንዲት ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ተርፋው «ይቺ አታስፈልግም» ብሎ ቆረጣትና በናስትሮ ጠቀለላት። በጋውን ሙሉ ያለምንም ችግር ሠራሁ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ገባ። አንድ ጠዋት የዘወትር ደንበኛዬ ጫማው ርሶ መጥቶ የኮምቢዋን በር እጀታ ያዘና «ወይኔ!» ብሎ ስኒውን ለቀቀው። ሰው ሳቀ። «ማኪያቶሽ ይነዝራል ሲሉኝ ጥንካሬውን መስሎኝ ነበር» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ እንጂ አላመንኩትም፤ ቀኑን ሙሉ ውስጥ ሆኜ ማሽኑንም ቦዲውንም ስነካ ምንም አይሰማኝም። ከሰዓት ላይ በነጠላ ጫማ ወርጄ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ በሩን ስነካው ኮረንቲው እስከ ክርኔ መጣ። ከዚያ ወዲያ አልሳቅኩም።

በራሴ ያስተዋልኩት እንዲህ ነው። ደረቅ ቀን አይነዝርም። ስፒናውን ገልብጬ ስሰካው ይቀንሳል። ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ ብዘጋውም መንዘሩ አይቆምም፤ ማሽኑን ከነስፒናው ስነቅለው ግን ጭራሽ ይጠፋል። ሌላ ደግሞ፣ ገመዱ የተጠቀለለበት ጥቅል እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ሰፈር ውስጥ አንዱ «መኪና ጎማ ላይ ስለቆመ ኮረንቲ አይዘውም» ብሎኛል። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ማሽኑን ልጣለው ወይስ መኪናዋን?

በርገር በጎማ (ስታዲየም አካባቢ)

እህቴ አትጨነቂ፣ የኔም ሱዙኪ እንደዚያ ያደርግ ነበር። መፍትሄው ቀላል ነው። ከሶኬቱ የሚመጣውን ኒውትራል፣ ማለትም የኮረንቲውን መመለሻ ሽቦ፣ ከቦዲው ጋር በብሎን እሰሪው። የሚያመልጠው ኮረንቲ በዚያ ይመለሳል። ዓመት አለፈኝ፣ አንድም ሰው ነዝሮብኝ አያውቅም። በተረፈ ደንበኛ የሚቆምበት ላይ የጎማ ምንጣፍ አንጥፊ።

ጋሽ ቴስተር (ፒያሳ፣ ጡረተኛ ኤሌክትሪሽያን)

የበርገሩ ልጅ፣ ይህን ምክር ለማንም እንዳትደግመው፤ የራስህንም ዛሬ ፍታው። ኒውትራልን ቦዲ ላይ ስታስር ሁሉ ነገር ደህና የሚመስለው ያ ኒውትራል ሳይበጠስ እስካለ ድረስ ነው። አንድ ቀን ስፒናው ውስጥ ያለችው ብሎን ትላላለች፣ ወይም ከቤቱ በላይ መስመሩ ላይ ኒውትራሉ ይበጠሳል። ያኔ 220 ቮልቱ በፍሪጅህና በመጥበሻህ አልፎ ይመጣና መመለሻ ሲያጣ መኪናህ ቆዳ ላይ ይቆማል። በሱ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት እግር ስፒና ተገልብጦ ይሰካል። ዛሬ ኒውትራል ያልከው ነገ ፌዝ፣ ኮረንቲ የያዘው ሽቦ፣ ነው፤ የበሩን እጀታ በገዛ እጅህ ከፌዝ ጋር አሰርከው ማለት ነው። እስካሁን ያተረፈህ ዕድልህ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ ልጄ። መልሴን አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳ አትጠብቂ፣ ሄደሽ ከእትዬ ሶኬት ንቀይው። ክርን ድረስ የሚመጣ ኮረንቲ ቀልድ አይደለም።

መኪናሽም ማሽንሽም አይጣሉም። ሰማያዊዋ መሰኪያ ጥሩ ዕቃ ናት። ለ220 ቮልት ግድም የተሠራች ባለ 16 አምፒር ናት፣ አንዱ እግር ፌዝ፣ አንዱ ኒውትራል፣ ወፈር ያለው ኧርዝ፣ ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደው። ግን ግማሽ ዕቃ ናት። ሌላው ግማሽ አጎትሽ መብራት ይስብበት የነበረው የካምፑ ምሰሶ ነው። በዚያ ምሰሶ ላይ ኧርዝ አለ፣ ብሬከር አለ፣ 30 ሚሊ አምፒር ሲያመልጥ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚቆርጥ አርሲዲ አለ። ኮምቢሽ ተሳፍራ ስትመጣ ምሰሶዋን እዚያው ትታ መጣች። የእትዬ ሳሎን ሶኬት ደግሞ የድሮ ቤት ሶኬት ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ የሚገባው ይመስለኛል። ወንድምሽ የቆረጣት ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ደግሞ የሰው ሕይወት የምትጠብቅ የኧርዝ ሽቦ ነበረች። ልጁን አትቆጪው፣ ቢያገናኛትም ከዚያ ሶኬት ላይ የምትይዘው ነገር አልነበረም።

ያስተዋልሽውን ልተርጉምልሽ፤ ከብዙ ሠራተኛ የተሻለ አስተውለሻል። ማሽንሽ ውስጥ ውሃ የሚያፈላው ማሞቂያ ሽፋኑ ተበልቷል፣ በዚያ በኩል ኮረንቲ ወደ ብረቱ ይወጣል። ብረቱ ከኮምቢዋ ቦዲ ጋር ይነካካል። ጎማ ቦዲውን ከመሬት ስለሚለየው ኮረንቲው ወደ መሬት አይፈስም፣ ቦዲው ላይ ተቀምጦ መንገድ ይጠብቃል። ጎማው አዳነ የሚሉት ነገር የተገላቢጦሽ ነው። አንቺ ውስጥ ስትሆኚ የምትነኪው ሁሉ እኩል ቮልቴጅ ስላለው አይሰማሽም፣ ሽቦ ላይ እንዳረፈች ወፍ ማለት ነው። እግሩ ርሶ ከውጭ ኮምቢዋን የሚነካ ደንበኛ ግን መንገዱ እሱ ራሱ ነው። ስፒናው ሲገለበጥ የሚቀንሰው የተበላው ቦታ ለማሞቂያው አንደኛው ጫፍ ስለሚቀርብ ነው፤ ያ ጫፍ በኒውትራል በኩል ሲውል ኃይሉ ያንሳል። ማሽኑ ጠፍቶም የሚነዝረው ማጥፊያው አንዱን ሽቦ ብቻ ስለሚቆርጥ ነው። የቆረጠው ኒውትራሉን ከሆነ ማሞቂያው በሙሉ ፌዝ ይዞ ይጠብቅሻል። ለዚህ ነው መኪና ላይ ሁለቱንም ሽቦ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ብሬከር የሚያስፈልገው።

የሚሠራው ይህ ነው፤ ምሰሶውን እዚህ መሥራት። በእትዬ ግድግዳ ላይ፣ ኮምቢዋ በምትቆምበት በኩል፣ ዝናብ የማያስገባ ሳጥን ይገጠም። ከቤቱ ዋና ሰሌዳ ራሱን የቻለ፣ የሽቦው ውፍረት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ይሳብለት፤ ከሳሎን ሶኬት አይቀጠልም። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሽቦ የሚቆርጥ ባለ 16 አምፒር ብሬከርና ባለ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ፣ ከታች ክዳን ያላት ሰማያዊ ሶኬት። ከግድግዳው ሥር ወደ 1.5 ሜትር የሚጠጋ የመዳብ ዘንግ ይቀበር፣ ከሱ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ በገመድሽ ወደ ኮምቢዋ ቦዲ። አርሲዲው ኮምቢዋ ውስጥ ብቻ ከሆነ ገመድሽን አይጠብቅም፣ ስለዚህ ከቤቱ በኩል ይሁን።

«ዘንጉን ብቻ ልቅበር፣ አርሲዲው ይቅር» የሚል ሰው ይመጣብሻል። ስሌቱን ንገሪው። ጥሩ የተቀበረ ዘንግ 50 ኦም የኮረንቲ ተቃውሞ አለው እንበል። 220ን ለ50 ስታካፍዪ 4.4 አምፒር ነው። ባለ 16 ብሬከር በ4.4 አምፒር ንቅንቅ አይልም፣ ቦዲሽ ኮረንቲ እንደያዘ ይውላል። ለአርሲዲው ግን 4.4 አምፒር ማለት ከሚጠብቀው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በሌላ በኩል አርሲዲ ብቻውን ያለ ኧርዝ ከሆነ፣ የሚቆርጠው ሰው ነክቶ ኮረንቲው በሰውየው ካለፈ በኋላ ነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

አንድ ነገር ደግሞ፤ አርሲዲው ላይ «ቲ» የምትል የመሞከሪያ ቁልፍ አለች፣ በወር አንዴ ተጫኛት። ከቆረጠች አርሲዲው በሕይወት አለ ማለት ነው። ኧርዝሽ መኖሩን ግን አትነግርሽም፣ ያለ ኧርዝም ትቆርጣለችና። ኧርዙ በመሣሪያ ይለካል። ከ100 ኦም በታች ከመጣ ለእኔ በቂ ነው።

ስለ ገመዱ ሌላ ሰው ቢጽፍ ደስ ይለኛል፣ ዓይኔ ደከመ።

የድንኳን መብራት (ገዳም ሰፈር)

ገመዱን ለኔ ተዉት ጋሽዬ። ሥራዬ የሰርግና የለቅሶ ድንኳን መብራት መዘርጋት ስለሆነ ክረምቱን የማሳልፈው ጭቃ ውስጥ ገመድ እየጎተትኩ ነው።

እህቴ፣ ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ ፍቺው። 25 ሜትር ገዝተሽ 8 ሜትር ብቻ ብትጠቀሚ እንኳ የቀረውን ጥቅል ላይ አትተዪው፣ መሬት ላይ ሰፋ አድርገሽ ዘርጊው። ገመዱ ላይ የተጻፈውንም አንብቢ። ከማሽንሽ፣ ከመፍጫውና ከፍሪጁ ጋር 14 አምፒር ግድም ትስቢያለሽ ብዬ ልገምት። ገመድሽ ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በ25 ሜትር ደርሶ መልስ 12 ቮልት ይበላብሻል፣ ገመዱ ራሱ ከ170 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ሜዳ ላይ ቢሆን ንፋስ ይወስደዋል፤ ጥቅል ውስጥ ሲሆን ግን ላስቲኩን ነው የሚያቀልጠው። ባለ ሦስት ሽቦ፣ ባለ 2.5፣ ውጪው ጎማ የሆነ ግዢ፣ የሚበላው ወደ 5 ቮልት ይወርዳል። ስትገዢ ጫፏን በምላጭ ፋቅ አድርጊ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ያ ነው። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

ገመድ ከገመድ የሚያያዝበት መገናኛ መሬት ላይ አይተኛም። አንዴ ለቅሶ ቤት መገናኛዬን በፌስታል ጠቅልዬ ጥዬው ነበር። ፌስታል ውሃ አያስገባም እንላለን፣ የገባውን ግን አያስወጣም። ለሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ አደረ። አሁን ሰቅዬ ነው የማሳድረው። መሰኪያው ጋ ከመድረሱ በፊት ገመዱ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ፣ ዝናቡ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ከታችኛው ጉብጥ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። የመኪና በር እንዳይቆርጠውም ተጠንቀቂ። አይጥ ደግሞ የአራት ኪሎ አይጥ ናት፣ ማታ ጠቅልለሽ ኮምቢዋ ውስጥ አሳድሪው።

ሥራ ከጀመርሽ 20 ደቂቃ በኋላ ሰማያዊውን መሰኪያ በእጅሽ ጀርባ ዳስሽው። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ ካላስቀመጠ ውስጡ ብሎን ላልቷል። በወር አንዴ ነቅለሽ ፍቺውና ብሎኖቹን አጥብቂ፣ እግሮቹ ከጠቆሩ ቀይሪው። የጠቆረን እግር በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ መሰካት አይሠራም፣ ሴቴዋም ውስጥ ተቃጥላለች። የሽቦውን ጫፍ በቆርቆሮ የሚበይድ ሠራተኛም አለ፤ ያምራል፣ ግን ብየዳው ከብሎኑ ሥር ቀስ እያለ ይለሰልስና ይላላል። የብረት ቆብ አልብሶ በመቆንጠጫ መጫን ነው።

በርገር በጎማ (ስታዲየም አካባቢ)

ጋሽ፣ ፈታሁት። እውነቱን ልናገር፣ መልስዎን ካነበብኩ በኋላ መኪናዬ ውስጥ ለመግባት ራሱ ፈርቼ በእንጨት ነው የነቀልኩት።

ለእህታችን ግን አንድ ነገር ላዋጣ፣ ይሄ እንኳ ትክክል ነው። አንድ ማታ ደክሞኝ ገመዱን ሳልነቅል መኪናውን አንቀሳቀስኩ። ሶኬቱ ከነግድግዳው ልስን መጣ፣ ዘበኛው እየጮኸ ተከተለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሰካ የመኪናውን ቁልፍ ሶኬቱ ላይ አንጠለጥላለሁ። ካልነቀልኩ ቁልፍ የለኝም።

ሌላ ጥያቄ፣ መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ቤቱ ሶኬት ላይ ብሰካስ? ወንድ በወንድ የሆነች፣ ሁለቱም ጫፏ ስፒና የሆነ ገመድ የሚሠራልኝ ልጅ አለ።

ጋሽ ቴስተር (ፒያሳ፣ ጡረተኛ ኤሌክትሪሽያን)

ያንን ገመድ የሚሠራልህን ልጅ ጓደኛዬ አትበለው። አንደኛው ጫፍ ከተሰካ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያሉት ራቁት እግሮች ፌዝ ናቸው፤ የነካ ይሞታል። ጀነሬተሩ ደግሞ ወደ መስመሩ ይመለስና መብራት የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ያገኘዋል። መስመሩ ድንገት ሲመጣ ጀነሬተርህም አብሮ ይሄዳል። ጀነሬተር ካለህ ሰማያዊዋን ገመድ ከግድግዳው ነቅለህ ጀነሬተሩ ላይ ሰካ፣ አንድ ገመድ ሁለት ቦታ ሊሰካ አይችልም። ቋሚ ከፈለግህ ማዘዋወሪያ ማብሪያ አስገጥም።

ልጄ፣ የአሰካኩን ቅደም ተከተል ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ። ጠዋት ሁሉ ነገር ጠፍቶ መጀመሪያ ኮምቢዋ ላይ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ፣ ከዚያ ብሬከሩ፣ በመጨረሻ ማሽኑ። ማታ የተገላቢጦሽ፤ ከሁለቱ መሰኪያዎች የግድግዳው ቀድሞ ይነቀላል። እንዲህ ከሆነ ኮረንቲ የያዘ ጫፍ እጅሽ ላይ አይቀርም። መብራት ሲሄድ ብሬከሩን አውርጂ፤ ሲመለስ እንደመጣ አትመኚው፣ አምስት ደቂቃ ጠብቂና አንሺው፣ ፍሪጅሽ ያመሰግንሻል።

የኮምቢዋ ልጅ (አራት ኪሎ)

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራው አልቋል።

ያን ዕለት ነቅዬው ለአራት ቀን በከሰል ጀበና ሸጥኩ፤ አንዳንዱ ደንበኛ «እንደዚህ ይቀጥል» አለ፣ አልሰማሁትም። በሰው በሰው ያገኘሁት ኤሌክትሪሽያን መጣ። የመጀመሪያ ቃሉ «ኒውትራሉን ቦዲው ላይ ብናስረውስ?» ነበር። የጋሽ ቴስተርን ጽሑፍ ከስልኬ አስነበብኩት። ዝም ብሎ አነበበ፣ ሲጨርስ «ማን ነው ይሄ ሰውዬ?» አለኝና ዕቃውን ፈታ።

ገመዴ ባለ 1 ሆኖ ተገኘ። ስንለካ ቤት ውስጥ 215፣ ኮምቢዋ ውስጥ ሁሉም በርቶ 203 ቮልት፤ የድንኳኑ ወንድም እንዳለው ልክ 12። ማሽኑ ለምን ማለዳ ላይ እንደሚዘገይ አሁን ገባኝ፣ እኔ ካልክ (ከውሃ የሚቀር ነጭ ዝቃጭ) ይዞት ነው ብዬ አሲድ ሳጠጣው ነበር። ሌላ ያልጠበቅነው ነገር፣ ሰማያዊዋ መሰኪያ ኧርዝ እግሯ ከቦዲው ጋር አልተገናኘችም። ሜትሩን ከእግሯ ወደ በሩ ብሎን ስናደርገው ምንም። ከውስጥ የታሰረችበት ብሎን ለዓመታት ዝጎ ቀለበቷ ተበልታለች። ፍቀን፣ አዲስ ቀለበት አድርገን፣ ቅባት ቀባናት፣ ንባቡ ከ1 ኦም በታች ወረደ። ዘንግ ቀብሬ፣ አርሲዲ ገዝቼ፣ ያቺን ብሎን ሳላይ ብቀር ሁሉም ኮምቢዋ ሳይደርስ ግድግዳው ላይ ይቀር ነበር። የድሮ የካምፕ መኪና ያላችሁ ይህን ቀድማችሁ ለኩ።

ዘንጉን ለመቅበር እትዬን ማስፈቀድ ከሥራው ሁሉ ከበደ። «ግቢዬን ለምን ትወጉታላችሁ?» አሉ። ሠራተኛው እርጥብ አፈር ይሻላል ሲል፣ እርጥብ ያለው ደግሞ የጤና አዳማቸው መደብ ብቻ ነው። ጨውና ከሰል እንጨምርበት ብሎም ነበር፤ እትዬ ጨው የሚለውን ሲሰሙ መጥረጊያ አነሱ። ጨው ዘንጉንም እንደሚበላው አንብቤ ነበርና እኔም በሳቸው ወገን ቆምኩ። ያለ ጨው ተቀበረ፣ ሲለካ 62 ኦም።

አርሲዲው ተገጥሞ ማሽኑን እንደሰካሁት ቀጭ ብሎ ቆረጠ። መለስኩት፣ ቆረጠ። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ ብዬ ተናደድኩ። ሠራተኛው ሳቀና «አይደለም፣ ሥራውን ነው የሚሠራው» አለኝ። ማሞቂያው በሜገር (የሽፋን መለኪያ መሣሪያ) ሲለካ ሽፋኑ አልቋል፤ ሲወጣ ጎኑ ላይ እንደ ጥፍር የተሰነጠቀ ቦታ አለው። አዲስ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልቆረጠም፣ ቁልፏን ስጫን ካልሆነ በቀር።

ትላንት ያ ስኒውን የጣለው ደንበኛ መጣ፣ እንደ ልማዱ በዝናብ። የበሩን እጀታ በአንድ ጣቱ ጫፍ ነካ፣ ቆየት አለ፣ ከዚያ ሙሉ እጁን አሳረፈና «ዛሬ ማኪያቶው ብቻ ነው የሚነዝረው?» አለኝ። እትዬ በመስኮት ሆነው ሰምተውታል፤ ጤና አዳሙን ጠዋትና ማታ የሚያጠጡት እሳቸው ስለሆኑ ምስጋናው ለሳቸው ነው ይላሉ። ሠራተኛውም በጋ ላይ ማጠጣቱን እንዳያቆሙ አደራ ብሏቸዋል። የኮምቢዋ ቁልፍ በቀይ ክር ከሰማያዊዋ ሶኬት ላይ ተንጠልጥሏል፣ የበርገሩ ወንድም ስለሱ አመሰግናለሁ።

ጋሽዬ፣ ፒያሳ ሩቅ አይደለም። ማኪያቶዎን በነጻ ያገኛሉ፣ ቴስተርዎን ግን ይዘው ይምጡ።

ጋሽ ቴስተር (ፒያሳ፣ ጡረተኛ ኤሌክትሪሽያን)

እመጣለሁ። ሳጥኑ ከመሬት ስንት ከፍታ ላይ ነው የተገጠመው? ያንን አልጻፍሽም።

የኮምቢዋ ልጅ (አራት ኪሎ)

ወገቤ ድረስ ነው ጋሽዬ፣ ከላዩም የቆርቆሮ ጥላ አለው።

ጋሽ ቴስተር (ፒያሳ፣ ጡረተኛ ኤሌክትሪሽያን)

በይ ደህና። ማክሰኞ ጠዋት፣ ወተቱ በዛ ያለ።